ወርቅ የሌለው ሰም

ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ሰው ይመስለናል፤ የሚመሰክረው ግን ስላቆመው ሰው ነው። አንድ ከተማ በአደባባዩ መካከል ማንን እንዳቆመ፣ ከምን እንደ ሠራው፣ ከማንስ ጋር ተማክሮ እንዳቆመው ቢነግሩኝ፣ የከንቲባውን ስም ሳልጠይቅ የአስተዳደሩን ጠባይ ልነግራችሁ እችላለሁ። ባለፉት ሃያ ዓመታት በሀገራችን ከተሞች ከቆሙት ምስሎች ብዙዎቹ በሁለት ሐረግ ይጠቃለላሉ። አንደኛው ብልጭልጭ ነው፤ በወርቃማ ቀለም የተቀባ ፋይበርግላስ፣ ከሲሚንቶ የተጋገረ አንበሳ፣ የቤት ቁመት ያለው ጀበና። ሁለተኛው ዝና ነው፤ ፊቱን በቴሌቪዥን ስላየነው ብቻ ይገባዋል ተብሎ የሚቆም ሰው። የዛሬው ጽሑፌ ክርክር ሁለቱ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው፣ በሽታውም ፖለቲካዊ ነው የሚል ነው።

እኔ የጅጋ ልጅ ነኝ። ጅጋ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ መንገደኛ በመስኮት አይቶ የሚያልፋት የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። የምጽፈው ስለ ቅርጻ ቅርጽ ቢሆንም መለኪያዬን የተበደርሁት ከዚያው ሀገር፣ ከቅኔ ቤት ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማም ያስተማሩን «ሰምና ወርቅ» የሚባለው ነገር መነሻው የአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። የነሐስ ሐውልት የሚሠራ ቀራጺም እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ቅኔውም ነሐሱም አንድ ሕግ አላቸው፦ ሰሙ መቅለጥ አለበት። በሰም የሚያበቃ ቅኔ ቅኔ አይባልም፤ ደብተራ ይስቅበታል።

አሁን በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ለሕዝብ ወደ ተከፈተው አንድነት ፓርክ እንግባ። የግቢው መታደስና መከፈት ብዙ መልካም ነገር አለው፤ ለዘመናት ተቆልፎ የኖረ ቤት ለዜጋው በሩ መከፈቱን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እዚያ የተቀመጠልን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰም ምስል ነው። ቆዳው ቆዳ ይመስላል፣ ጢሙ ጢም ይመስላል፣ ዓይኑ የመስታወት ነው። ጎብኚው «ሰውዬውን ቁርጥ!» ይልና አጠገባቸው ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። ስለ 1966 ዓ.ም.፣ ስለ ወሎ ረኃብ፣ ስለ ዘውዱ፣ ስለ ማይጨውና ስለ ጄኔቭ ንግግር ምን ዓይነት ጥያቄ ይዞ ወጣ? ምንም። የሰም ምስል ጥያቄ አያስነሣም፤ መምሰል ብቻ ነው ሥራው። የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይነግረናል፤ ማዳም ቱሶ እ.ኤ.አ. በ1835 ለንደን ላይ ቋሚ ቤቷን የከፈተችው ትኬት ለሚገዛ ሕዝብ ዝነኞችንና ወንጀለኞችን ለማሳየት ነበር። እኛ ያንን የትርኢት ቤት ጥበብ ወስደን በዙፋን ቤት አኖርነው። ሰሙ ሳይቀልጥ ቀረ፤ ወርቁም ሳይፈስስ።

ጀርመኖች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ «ኪች» የሚል ቃል አላቸው። ቃሉ ርካሽ ማለት ብቻ አይደለም፤ ውድ ኪችም ሞልቷል። ኪች ማለት ተመልካቹ ምን እንዲሰማው አስቀድሞ የወሰነለት፣ እንዳያስብም ያስተዛዘነው ሥራ ነው። በፈረንጅ ሀገር ይህን ነገር አውቀው የሚነግዱበት ቀራጺዎች አሉ። አሜሪካዊው ጄፍ ኩንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ማይክል ጃክሰንን ባብልስ ከሚባለው ቺምፓንዚው ጋር በነጭና በወርቅ ቀለም በተቀባ ሸክላ ሠራው፤ ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ላይ በ5.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንግሊዛዊው ማርክ ኩዊን እ.ኤ.አ. በ2008 ኬት ሞስ የምትባለውን የፋሽን ሞዴል ከ50 ኪሎ ግራም ወርቅ ሠርቶ በብሪቲሽ ሙዚየም አሳያት። እነዚህ ሰዎች ቢያንስ ምን እያደረጉ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ዝነኛው የዘመናችን ጣዖት ሆኗል ብለው እየሣቁብን፣ በሣቁብንም ላይ እያስከፈሉን ነው። ሥራቸውን ብንጠላውም ፌዝ መሆኑ አይጠፋንም። የእኛዎቹ ግን ሪባን ቆርጠው፣ ንግግር አድርገው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ነው የሚያቆሙት። ፌዝ መሆኑን የማያውቅ ፌዝ ከሁሉ የከፋ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን የአዲስ አበባን ሐውልቶች እንመልከት። በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ሲመረቅ የሠራው ጀርመናዊ ነበር። በባቡር ጣቢያው አደባባይ የቆመው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው የዦርዥ ጋርዴ እጅ ሥራ ነው። በስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ዩጎዝላቪያውያኑ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ሠሩት። በደርግ ዘመን ሌኒን መጥቶ ቆመ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። የትግላችን ሐውልትን ሰሜን ኮሪያውያን ሠሩልን። እንግዲህ «ሐውልቱ የፈረንጅ እጅ ስላለበት የእኛ አይደለም» የሚል ሰው ካለ፣ ከእነዚህ መካከል ሕዝብ የራሱ ያደረጋቸውንና ያላደረጋቸውን ለይቶ ያስረዳኝ።

ልዩነቱ የሚታየው በጠላት ዘንድ ነው። ፋሽስቶች ከተማውን በያዙ ጊዜ የምኒልክን ሐውልት በሌሊት ነቅለው ቀበሩት፤ በቀን መንካት ፈርተው ነበር። ሕዝቡ በነፃነት ማግስት አውጥቶ አቆመው፤ የካቲት 23 ቀንም ሰዎች ከሥሩ ሲሰበሰቡ ኖረዋል። አንበሳውን ወደ ሮማ ወሰዱት፤ ዘርዓይ ድረስ በ1930 ዓ.ም. ሮማ ላይ አንበሳውን ባየ ጊዜ ደሙ የፈላበት ታሪክ የታወቀ ነው። አንድ ሐውልት ጠላት የሚፈራው፣ ወዳጅ የሚሞትለት ነገር ሲሆን የሠሪው ፓስፖርት ይረሳል። ለመሆኑ ዛሬ ከምናቆማቸው ስንቱን ነው ወራሪ በሌሊት ሊቀብረው የሚደክምበት? በወርቃማ ቀለም የተቀባውን ጀበና ማን ይማርከዋል?

የየካቲት 12ን ሐውልት ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በዙሪያው ባሉት የነሐስ ቅርጾች ጎልተው የሚታዩት ዝነኞች አይደሉም። በ1929 ዓ.ም. የተገደሉ፣ የተቃጠሉ፣ የተጎተቱ ስማቸው ያልተመዘገበ የከተማ ሰዎች ናቸው። ቀራጺዎቹ አላስዋቧቸውም። ሞቱን ሞት አድርገው ነው የቀረጹት። ያ ሐውልት ከፊቱ ቆሞ ፈገግ ብሎ ፎቶ ለመነሣት የሚያሳፍር ነው፤ እኔ ከአንድ ሐውልት የምጠይቀውም ይህንን ነው፦ ትንሽ እንዲያሳፍረን።

አሁን ወደ ዝነኞቹ። በገርጂ ኢምፔሪያል አካባቢ ለጃማይካዊው ድምፃዊ ቦብ ማርሌ ሐውልት ቆሞለት ነበር። ስለ ሰውየው ክፉ አልናገርም። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉትን ንግግር ወስዶ በዜማ ለዓለም ያዳረሰው እርሱ ነው፤ እኛ ያንን ንግግር በመማሪያ መጽሐፍ እንኳ በቅጡ አላስተማርነውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከንግግሩ ይልቅ ዘፈኑን፣ ከዘፈኑም ይልቅ የዘፋኙን ፀጉር የምንቀርጽ ከሆነ ምን ቀረን? በአፍሪካ ኅብረት ግቢ እ.ኤ.አ. በ2012 የክዋሜ ንክሩማ ሐውልት ሲቆም ስንቶቻችን ተቆጥተን «የእኛስ ንጉሥ?» አልን። ቁጣው ፍሬ አፍርቶ በየካቲት 2011 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት በዚያው ግቢ ቆመ፤ የቀረጸውም ኢትዮጵያዊው በቀለ መኮንን ነው። ወደድነውም ጠላነውም ያ ሐውልት በክርክር የተገኘ ነው፤ ሰው ጽፎበታል፣ ተሟግቶበታል፣ ምክንያት አቅርቦበታል። በክርክር የተገኘ ሐውልት አደባባዩን በሙግት ያገኘዋል። በቢሮ ውሳኔ በአንድ ሌሊት የበቀለው ግን ባለቤት ስለሌለው በሌላ የቢሮ ውሳኔ በአንድ ሌሊት ይነሣል።

«ምን አለበት? ሕዝቡ ዝነኞቹን ይወዳል፤ አንተ የተማርህ ነኝ ብለህ የሕዝቡን ጣዕም ትንቃለህ» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሙግቱ ቀላል አይደለምና ልመልስለት። ሯጭ፣ ዘፋኝ፣ ደራሲ ሐውልት አይገባውም አላልሁም። የአበበ ቢቂላ መቃብር ላይ ሐውልት መቆሙ የሚያኮራ ነው፤ አበበ በሮማ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሠራው ሥራ ከዝናው ይበልጣልና። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ሀገር በሙሉ ያለቀሰለት ድምፁ የእያንዳንዱን ቤት ታሪክ ስለያዘ ነው። ታላቅነትና ዝና የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ታላቅነት ሰውየው የሠራው ነው፤ ዝና እኛ ስለ እርሱ የምናወራው ነው። ዝናን ስንቀርጽ የምንቀርጸው የራሳችንን ወሬ ነው። ደግሞስ የሕዝብን ጣዕም የናቀው ማን ነው? ሞዴሉን ለሕዝብ ሳያሳይ፣ ውድድር ሳያወጣ፣ «ለእነሱ ይህ ይበቃቸዋል» ብሎ ፋይበርግላስ ያቆመው ባለሥልጣን ነው ወይስ «ሕዝቡ ነሐስ ይገባዋል» የምለው እኔ?

የሕዝብ ጣዕም ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ይውረድና በየቤተ ክርስቲያኑ አጸድ የቆሙትን የመቃብር ሐውልቶች ይይ። የከተማ ባለሙያ ሲያያቸው ይስቃል። ሟቹ በሲሚንቶ ተሠርቶ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል፤ እጁ ከእግሩ ይረዝማል፤ ዓይኑ ከመጠን በላይ ፈጧል። በትምህርት ቤት ሚዛን ከተመዘነ ሁሉም ነገሩ ስሕተት ነው። ኪች ነውን? አይደለም። ግንበኛው ሟቹን ያውቀው ነበር፤ እናቲቱ ሐውልቱን አቅፋ ታለቅሳለች፤ የተዝካሩ ቀን ዘመድ ይሰበሰብበታል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል ያገሬ ሰው። ያ የተወላገደ የሲሚንቶ እጅ ከአንጀት የወጣ እንባ ነው። የሰም ምስሉ ፍጹም እጅ ግን የማንም እንባ የለበትም። ስለዚህ ነገሩ የቁሳቁስም የገንዘብም ጉዳይ አይደለም፤ የቅንነት ጉዳይ ነው።

ታዲያ አደባባዮቻችን በዚህ ነገር የሞሉት ለምንድን ነው? መልሱን ከቦስኒያ እናምጣው። ሞስታር የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 በተደረገው ጦርነት ለሁለት ተከፍላ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የአንዱ ጀግና ለሌላው ገዳይ ሆነ። ስለዚህ አንዳንድ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ሁሉም የሚወደውን ሰው ፈልገው ሐውልት አቆሙ፤ ያ ሰው የኩንግ ፉ ፊልም ተዋናዩ ብሩስ ሊ ነበር። የወጣቶቹ ሐሳብ መራራ ቀልድ ነበረበት፤ የጋራ ጀግና አጥተናል ማለታቸው ነበር። ቆሞ ብዙም ሳይቆይ ጉዳት ስለደረሰበት ተነሣ፤ ተመልሶ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

እኛም እዚያው ደርሰናል፤ ግን መራራ ቀልዱ እንኳ የለንም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በሐረር የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ፤ በዚያው ሰሞን ለንደን ዊምብልደን ያለው የልጃቸው የንጉሠ ነገሥቱ ምስልም ተሰባበረ። የአንዱ ወገን ጀግና የሌላው ቁስል ሆኗል። ይህን ያየ ከንቲባ ምን ያደርጋል? ታሪኩን በአደባባይ ከማከራከር ጀበና ያቆማል። ጀበና ማንንም አያስቀይምም። ጅማ በቡና ሀገርነቷ ጀበና ብታቆም ምክንያት አላት፤ ሌላው ግን «አልሸሹም ዞር አሉ» ነው። ዝነኛውም የሚመረጠው ስለዚሁ ነው፤ ስለ ዘፋኝ የሚጣላ የለም ተብሎ። ማንንም የማያስቀይም አደባባይ ግን ለማንም ምንም አይናገርም። ያልተነገረውም ታሪክ አይጠፋም፤ ከመሬት በታች ይሄድና ጥይት ይዞ ይወጣል።

በእኔ መንደር መንገድ ላይ ያልተነገረው ስንት ነው! በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከቡሬ ወጥቶ በማንኩሳ፣ በጅጋና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሸሸው በዚሁ ጎዳና ነው። ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ከነአርበኞቻቸው አምስት ዓመት ያላስተኙት ጦር ነበር። ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ ፍኖተ ሰላም ያሏት ንጉሠ ነገሥቱ እንደሆኑ ይነገራል፤ የሰላም መንገድ ማለታቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1937 ዓ.ም. በላይ ዘለቀን የሰቀለው የጣሊያን መንግሥት አልነበረም። ይህን የሚያህል ታሪክ ያለው ጎዳና ላይ ዘርፉን የሚያውቅ ቀራጺ ቢሰማራ ምን አይሠራ? አርበኛና ንጉሥ፣ ውለታና ገመድ፣ ነፃነትና ክህደት፤ ሁሉም እዚያ ነው። እኛ ግን ከሩቅ ዝነኛ እንፈልጋለን፤ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ»።

ወደ ዛሬውም ልምጣ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚህችው የሰላም መንገድ በተባለች ከተማ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ተናግረዋል። አዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት ግቢ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች ምስል ተሰቅሏል፤ ለእንግዳ ሟች ይህን ያህል ማድረጋችን ያስመሰግነናል። የእነዚያን ሃያ ስድስት ሰዎች ስም ግን ማን ጻፈ? በየትኛው ድንጋይ? አንድ ቀን ይህ ጦርነት ያበቃል። ያን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ወርቃማ ቀለም የያዘ ሰው እንደሚመጣ ካሁኑ ይታየኛል። አንዱ የጄኔራሉን፣ ሌላው የታጣቂ መሪውን ምስል ይዞ ይመጣል። ፖለቲካችን ራሱ የዝነኞች ፖለቲካ ሆኗልና፤ መርሐ ግብር ሳይሆን ፊት እንከተላለን፤ ፎቶ በግድግዳ፣ ፎቶ በመኪና መስታወት፣ ፎቶ በካናቴራ። በሕይወት ያለ ሰው ምስሉ ይህን ያህል ከበዛ፣ ሐውልቱ ከመቆሙ በፊት ጣዖቱ ቆሟል ማለት ነው።

ስለዚህ መፍትሔ የምለውን በግልጽ ልናገር። አንደኛ፣ በሕዝብ አደባባይ በሕይወት ላለ ሰው ሐውልት አይቁም፤ ለሞተም ቢሆን ሃያ ዓመት ይቆይለት፤ ወሬው ይብረድ፣ ሥራው ይለይ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሐውልት በግልጽ ውድድር ይሠራ፤ የተወዳዳሪዎቹ ሞዴሎች ከመመረጣቸው በፊት በከተማው አዳራሽ ለሕዝብ ይታዩ፤ ዳኞቹም ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ ይጻፉ። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከስድሳ ዓመት በላይ ቀራጺ ሲያስተምር ኖሯል፤ ከዚያ የወጡት ልጆች ለሆቴል መግቢያ አንበሳ እየሠሩ እንዲኖሩ ማድረግ የሀገር ብክነት ነው። ሦስተኛ፣ በጀቱ የጥገና ወጪን ይጨምር፤ ቀለሙ የተላጠ ጀግና ከሌለ ጀግና የባሰ ውርደት ነው። አራተኛና ዋናው፣ ከአንድ ዝነኛ ፊት በፊት የብዙ ተራ ሰዎች ስም ይቀረጽ። ስም ለመቅረጽ ፋይበርግላስ አያስፈልግም። ጎጃም ድንጋይ ሞልቶታል።

ይህን ሁሉ የሚቃወም ባለሥልጣን «ጊዜው አይደለም፣ ሕዝቡ ቁስሉ አልዳነም» ይለኛል። ቁስሉ ያልዳነው በላዩ ወርቃማ ቀለም ስለቀባንበት ነው። የቅኔ መምህር ተማሪው ሰሙን አሳምሮ ወርቁ ሲጠፋበት አያሞግሰውም፤ «ተመለስና ቍጠር» ይለዋል። አደባባዮቻችንን ለሚያሠሩልን ሰዎች የምለው ይህንኑ ነው፤ ተመለሱና ቍጠሩ። መጀመሪያ ሙታኑን።

ቸር ያሰንብተን።